ስለ ግራፊክስ ካርድ አመራረጥና ስለ ጥቂት ገንዘብ አስተዳደር
(በአዋሽ አርባ ለወጣቶችና ለወላጆች የተዘጋጀ ዲስኩር)



የዛሬው ንግግሬ ጉዳይ፣ ለጨዋታ የሚያገለግል ኮምፒዩተር ያለው፣ ነገር ግን ኪሱ ያልሞላ ሰው፣ የኮምፒዩተሩን ግራፊክስ ካርድ ለመለወጥ ሲያስብ ምን ሊመረምር፣ ምን ሊያስቀድም፣ ከምንስ ሊጠበቅ ይገባዋል የሚል ነው። የነገሬም ፍሬ በአጭሩ ይህ ነው፤ ካርድ የሚመረጠው በስሙ ታላቅነት ሳይሆን፣ የሚገባበት ኮምፒዩተር፣ የሚጠቀምበት መብራትና የሚያቀዘቅዘው አየር ሊሸከሙት በሚችሉት ልክ ነው፤ ስለዚህም ገንዘብ ያነሰው ሰው ምርመራውን ማብዛት ግዴታው ነው። አባቶቻችን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ያሉት ቃል ለዚህ ጉዳይ እጅግ የተስማማ ነው።

ምናልባት ከጉባኤው መካከል «ለልጆች መጫወቻ ይህን ያህል ሐተታ ለምን አስፈለገ?» ብሎ በልቡ የሚጠይቅ አባት ይኖር ይሆናል። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም፤ መልሱም ሦስት ወገን አለው። አንደኛው፣ በልኩ የተያዘ ጨዋታ በራሱ ነውር አለመሆኑ ነው፤ ገበጣና ሰንጠረዥ በአገራችን ከጥንት ጀምሮ የአእምሮ መሳያ ሆነው ኖረዋል፤ በዘመናችንም በአዲስ አበባ ቅኔ ጌምስ የተባለው ድርጅት «ኩኩሉ» የተባለውን ጨዋታና የጥንቱን ገበጣ ለእጅ ስልክ አዘጋጅቶ ማቅረቡ፣ ዛሬ የሚጫወት ልጅ ነገ የጨዋታ ደራሲ ሊሆን እንደሚችል ምስክር ነው። ሁለተኛው፣ ይኸው ካርድ ሕንፃ ለሚነድፍ፣ ቪዲዮ ለሚያቀናብር፣ በብሌንደር ሥዕል ለሚቀርጽና የሰው ሠራሽ አስተውሎትን ለሚያጠና ተማሪ የሥራ መሣሪያ መሆኑ ነው፤ ከዚህ ተነሥቶ ወደ ሰመራ ዩኒቨርሲቲ ሄዶ ምሕንድስና ወይም የኮምፒዩተር ሳይንስ የሚማር ልጅ ይህን በቶሎ ይረዳዋል። ሦስተኛውና ዋነኛው ግን፣ ልጁ የሚያወጣው ገንዘብ የቤተ ሰቡ ድካም ፍሬ በመሆኑ፣ በከንቱ ከባከነ ጉዳቱ የልጁ ብቻ ሳይሆን የቤቱ ሁሉ መሆኑ ነው።

የእኛ ከተማ በታላቅ መንገድ ዳር የቆመች ናት። ከጅቡቲ ወደብ የተነሣው ዕቃ በጋላፊ ገብቶ፣ ሰመራንና ሎግያን አልፎ፣ በሚሌና በገዋኔ በኩል እስከ እኛ ደርሶ፣ ከዚያም በአዋሽ ሰባት ኪሎና በመተሐራ ወደ መሐል አገር ሲወጣ፣ የከባድ መኪናው ድምፅ ቀንም ሌሊትም ከጆሯችን አይጠፋም። ነገር ግን በደጃችን ያለፈው ዕቃ መልሶ ወደ እኛ የሚመጣው ብዙ ጊዜ አዳማ ወይም አዲስ አበባ ደርሶ፣ ነጋዴ ከነጋዴ ተቀባብሎት፣ የመመለሻው ኪራይ በላዩ ታክሎበት ነው። በመርካቶ አጠገብ የሚኖር ሰው ያልተስማማውን ካርድ በማግሥቱ ወስዶ ሊለውጥ ይችል ይሆናል፤ ከአዋሽ አርባ ወይም ከሰመራ ሄዶ የገዛ ሰው ግን፣ ስሕተቱን ለማረም የመንገዱን ወጪና የሥራ ቀኑን እንደገና መክፈል አለበት። ስለዚህ በሩቅ የሚኖር ገዢ ከቤቱ ሳይወጣ ነገሩን አጣርቶ መጨረስ ይገባዋል።

የዋጋውም ነገር ይህንኑ ያስገድደናል። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ካደረገ ወዲህ፣ ከዚያ በፊት በባንክ 57 ብር ያህል የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ጂቲኤክስ 1650 የተባለው ካርድ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2019 ሲወጣ የተተመነለት ዋጋ 149 ዶላር ነበር፤ ይህ በ57 ብር ሲባዛ 8,493 ብር ሲሆን፣ ዶላሩ 120 ብር በሆነ ጊዜ ግን 17,880 ብር ይሆናል፤ የማጓጓዣው፣ የቀረጡና የነጋዴው ትርፍ ገና አልተቈጠረም። ካርዱ ያው ካርድ ሳለ የሚጠይቀው የላብ ዋጋ ከእጥፍ በላይ ሆነ ማለት ነው።

እንግዲህ ግራፊክስ ካርድ ምን እንደሚሠራ በጥቂቱ እንመልከት። በስክሪኑ ላይ የምናየው ሥዕል ፒክስል በሚባሉ ጥቃቅን ነጥቦች የተሠራ ነው። አሁን የተለመደው ስክሪን በወርዱ 1,920፣ በቁመቱ 1,080 ነጥብ ስላለው፣ በጠቅላላው 2,073,600 ነጥቦች አሉት፤ ጨዋታውም ሳይንቀጠቀጥ እንዲታይ ሥዕሉ በአንዲት ሰኮንድ ውስጥ 60 ጊዜ ቢታደስ፣ ካርዱ በየሰኮንዱ ከ124 ሚሊዮን በላይ ነጥቦችን ቀለምና ብርሃን እያሰላ ማቅረብ አለበት። ፕሮሰሰር የሚባለው ዋናው አንጎል ጥቂት፣ ነገር ግን ብርቱዎች የሒሳብ ክፍሎች ሲኖሩት፣ ጂፒዩ የሚባለው የካርዱ አንጎል ደግሞ በመቶና በሺህ የሚቈጠሩ ትናንሽ ክፍሎች አሉት፤ እነርሱም ሥራውን ተከፋፍለው ባንድነት ይሠሩታል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1993 የተመሠረተው ኤንቪዲያ ይህን ጂፒዩ የሚል ስም በ1999 ባወጣው ጂፎርስ 256 በተባለው ካርዱ አስለመደ፤ ኤኤምዲም በ2006 ኤቲአይን ገዝቶ በዚሁ ሥራ ተቀናቃኙ ሆነ፤ ኢንቴል ደግሞ በ2022 አርክ በሚል ስም ወደ ገበያው ገባ። ዛሬ በገበያ የምናገኘው ካርድ በአብዛኛው የእነዚህ የሦስቱ ነው።

ከዚህ ስሌት የመጀመሪያውንና ምንም ገንዘብ የማይጠይቀውን ምክር እናገኛለን። የጨዋታው የሥዕል መጠን ወደ 1,280 በ720 ዝቅ ቢደረግ ነጥቦቹ 921,600 ብቻ ይሆናሉ፤ ካርዱ የሚያሰላቸው ነጥቦችም ከእኩሌታ በታች ይወርዳሉ። ኤኤምዲ በ2021 ያወጣው ኤፍኤስአር የተባለው ዘዴ፣ በትንሽ መጠን የተሠራውን ሥዕል አጥርቶ ለትልቅ ስክሪን የሚያበቃ ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹ ዓይነቶቹ በተቀናቃኙ በኤንቪዲያ የቆዩ ካርዶች ላይም ይሠራሉ። እንግዲህ የጥላውንና የነጸብራቁን ደረጃ ዝቅ ያላደረገ፣ አቧራውን ያላራገፈ፣ ኤፍኤስአርን ያልሞከረ ሰው ካርዴ ደከመ ብሎ ለመፍረድ ገና ማስረጃ አልሰበሰበም። ራም የተባለው የኮምፒዩተሩ ጊዜያዊ ማስታወሻም አንድ ብቻ ከሆነ፣ ሁለተኛ መጨመር አንዳንድ ጊዜ ከካርድ በፊት የሚቀድም፣ ዋጋውም የሚያንስ መፍትሔ ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ካርድ መለወጥ የግድ የሆነበት ሰው የኮምፒዩተሩን ዐቅም ይመርምር። በዚህ ምድር ግመል የሚጭን ሰው የጭነቱን መጠን ከግመሉ ጉልበትና ከመንገዱ ርቀት ጋር ሳያመዛዝን ጉዞ እንደማይጀምር፣ ካርድ የሚገዛም ሰው ለኮምፒዩተሩ ኃይል የሚያከፋፍለው ፓወር ሰፕላይ የሚሰጠውን መጠን ሳያውቅ ገበያ አይውጣ። ማዘርቦርድ በተባለው ዋና ሰሌዳ ላይ ካርዱ የሚሰካበት ቀዳዳ የሚሰጠው ኃይል እስከ 75 ዋት ብቻ ነው፤ ከዚህ በላይ የሚፈልግ ካርድ ከፓወር ሰፕላዩ በሚመጣ ገመድ መደጎም አለበት፤ ባለ 6 እግሩ ገመድ 75 ዋት፣ ባለ 8 እግሩ ደግሞ 150 ዋት ይሰጣል። በአገራችን ያገለገሉ ተብለው የሚሸጡት፣ ዴልና ኤችፒ ለመሥሪያ ቤት የሠሯቸው ኮምፒዩተሮች ግን ብዙዎቹ ይህ ገመድ የሌላቸው፣ ፓወር ሰፕላያቸውም የራሳቸው የተለየ ቅርጽ ያለው በመሆኑ ከሱቅ በተገዛ በሌላ በቀላሉ የማይተካ ነው። እንዲህ ያለ ኮምፒዩተር ለያዘ ሰው ያለ ተጨማሪ ገመድ የሚሠሩት ካርዶች ይስማሙታል፤ እነዚህም፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ የ2016ቱ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ፣ ጂቲኤክስ 1650 ያለ ገመድ በሚሠራው ዓይነቱ፣ የ2024ቱም ባለ 6 ጊጋባይት አርቲኤክስ 3050 ናቸው። ከነዚህም 1050 ቲአይ ዕድሜው የገፋ ስለሆነ፣ ኤንቪዲያም ለዚያ ትውልድ ካርዶች ለአዳዲስ ጨዋታዎች የሚሆን ድራይቨር (ካርዱን የሚያሠራ ፕሮግራም) ማውጣቱን ስላቆመ፣ ዋጋው እጅግ ካልረከሰ በቀር አይመረጥም። ኬዝ የተባለው የኮምፒዩተሩ ሳጥን ቀጭን የሆነበት ሰው ደግሞ ግማሽ ቁመት ያለውን ዓይነት መፈለግ እንዳለበት አይዘንጋ።

ርካሽ መስለው የሚያታልሉም አሉ። አርኤክስ 6400 የተባለው የኤኤምዲ ካርድ 53 ዋት ብቻ ስለሚፈልግ በመጀመሪያ ሲያዩት ለድሃ የተሠራ ይመስላል፤ ዳሩ ግን ከማዘርቦርዱ ጋር የሚነጋገረው በአራት መስመር ብቻ በመሆኑ፣ በአሮጌ ማዘርቦርድ ላይ ሲሰካ መስመሩ ይጠብበትና ፍጥነቱ ይቀንሳል። የኢንቴል ቢ580 በ249 ዶላር 12 ጊጋባይት ማስታወሻ ይዞ መውጣቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ሪሳይዘብል ባር የተባለው ሥርዓት በሌለበት በቆየ ኮምፒዩተር ላይ ጉልበቱ ይጎድላል። የስክሪኑም ነገር አይረሳ፤ በየቤቱ ያሉት ብዙ አሮጌ ስክሪኖች ቪጂኤ የተባለ መሰኪያ ብቻ ስላላቸው፣ አዳዲሶቹም ካርዶች ቪጂኤ ስለሌላቸው፣ ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ የሚለውጥ አዳፕተር ካርዱ በሚገዛበት ቀን አብሮ ሊገዛ ይገባል። ፕሮሰሰሩ ያረጀበት ሰው ብርቱ ካርድ ቢገዛ ደግሞ፣ ካርዱ ፕሮሰሰሩን እየጠበቀ ሥራ ይፈታል፤ ገንዘቡም ከካርዱ ጋር ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል።

አዲስ ለመግዛት የማይችል ሰው ያገለገለ ይገዛል፤ ይህም ብልኅነት እንጂ ውርደት አይደለም። በዚህ ረገድ የአፋር ሕዝብ ለዓለም የሚያስተምረው ትልቅ ሥርዓት አለው፤ ይኸውም ዳጉ ነው። ሁለት መንገደኞች በተገናኙ ጊዜ ተቀምጠው፣ ስለ ዝናሙና ስለ ግጦሹ፣ ስለ ሰላሙና ስለ በሽታው፣ ማን እንዳየው፣ ከማን እንደተሰማ፣ መቼ እንደሆነ በዝርዝር ይጠያየቃሉ፤ ወሬን ያጣመመ ሰውም በሕዝቡ ዘንድ ይነቀፋል። ወጣቶች ሆይ፣ ካርድ ስትገዙ እንዲሁ ጠይቁ። የመጀመሪያ ባለቤቱ ማን ነበር? በምን ሥራ ላይ ዋለ? ተከፍቶ ተጠግኗልን? ሻጩ ያየውን ይናገራል ወይስ የሰማውን? ይህን መጠየቅ ያስፈለገበት ምክንያት አለ፤ ኢቴሪየም የተባለው ዲጂታል ገንዘብ በሴፕቴምበር 2022 በካርድ መመረቱን ሲያቆም፣ ሌሊትና ቀን ሲሠሩ የነበሩ ብዙ ካርዶች በዓለም ሁሉ ወደ ገበያ ወጥተዋል። እንዲህ ያለው ካርድ ሁሉ የተበላሸ አይደለም፤ ግን ፋኑ ያረጀ፣ የሙቀት ማስተላለፊያ ቅባቱም የደረቀ ሊሆን ስለሚችል ዋጋው በዚያው መጠን ዝቅ ማለት አለበት።

ከጥያቄው በኋላ የዓይንና የእጅ ምርመራ ይከተላል። ካርዱን ወደ ብርሃን አውጥታችሁ፣ ወደ ማዘርቦርዱ የሚገባውን ባለ ወርቅ ቀለም ጠርዝ ተመልከቱ፤ ያልተቃጠለና ያልተፋቀ ይሁን። የብሎኖቹ ራስ ተፈልፍሎ እንደሆነ ተከፍቶ እንደነበር ይመሰክራል። ፋኑን በጣታችሁ ቀስ አድርጋችሁ አዙሩት፤ ሳያንቋቋና ሳይወላገድ መዞር አለበት። ወደ አፍንጫችሁም አስጠጉት፤ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ከሸተተ ትታችሁ ሂዱ። ከዚያም በሱቁ ኮምፒዩተር ላይ ይሰካ፤ ጂፒዩ-ዜድ የተባለችው ትንሽ ፕሮግራም የካርዱን እውነተኛ ማንነት ታሳያለችና በፍላሽ ይዛችኋት ሂዱ፤ ደካማውን አሮጌ ካርድ በሶፍትዌር ስሙን ለውጠው 1050 ቲአይ ነው ብለው የሚሸጡ አታላዮች በዓለም ገበያ ስላሉ ይህ ምርመራ አይታለፍም። በመጨረሻም ከባድ ጨዋታ ወይም ፈርማርክ የተባለው መፈተኛ ለግማሽ ሰዓት ያህል ይሂድበት፤ ስክሪኑ ላይ ባዕድ ነጥብ ወይም መስመር ከታየ፣ ወይም ኮምፒዩተሩ ከጠፋ፣ ዋጋው ቢቀነስም አትግዙ። ሻጩ ለመፈተን ጊዜ የለኝም ቢላችሁ ጊዜ ያለውን ሻጭ ፈልጉ፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታልና።

አሁን ለእኛ አገር የተለየ ወደ ሆነው ነገር ደረስሁ፤ እርሱም ሙቀት ነው። የውጭ አገር ሰዎች ካርድን ሲመዝኑ የሚፈትኑት ብዙ ጊዜ በቀዘቀዘ ክፍል ውስጥ ነው። በሥራ ጊዜ ከክፍሉ አየር በላይ በ45 ዲግሪ የሚሞቅ አንድ ካርድ እንውሰድ፤ አየሩ 25 ዲግሪ በሆነበት ክፍል 70 ዲግሪ ላይ ሲቆም፣ በሰመራ ቀትር ላይ አየሩ 42 ዲግሪ በሆነ ጊዜ ግን 87 ዲግሪ ይደርሳል፤ ካርዱም ራሱን ከጥፋት ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ስለዚህ በአዋሽ ሸለቆ ውስጥ 170 ዋት የሚፈልገው አርቲኤክስ 3060 ያለ በቂ ነፋስ በተዘጋ ኬዝ ውስጥ ቢገባ፣ የተከፈለበትን ጉልበት ሁሉ አይሰጥም፤ ሙቀቱንም መልሶ በክፍሉ ውስጥ ይለቀዋል። መድኃኒቱ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ጨዋታው በሰኮንድ ከ60 ሥዕል እንዳያልፍ መገደብ፤ አፍተርበርነር በተባለው ፕሮግራም የካርዱን ኃይል ከመቶ ወደ 80 ማውረድ፣ ይህም ሙቀቱን ሲቀንስ ከፍጥነቱ የሚያጎድለው ጥቂት ነው፤ ኬዙን ከወለል ማንሣትና ከግድግዳ ማራቅ፤ አቧራውንም በለስላሳ ብሩሽ በየጊዜው ማራገፍ፣ ሲያራግፉም ፋኑ እንዳይሽከረከር በጣት መያዝ ነው። ከባድ ጨዋታም ለማለዳና ለምሽት ቢቀር ለካርዱም ለተጫዋቹም ይበጃል።

ስለ መብራትም አንድ ነገር ልጨምር። ኮምፒዩተርን ከሁሉ ይልቅ የሚጎዳው የመብራቱ መጥፋት ብቻ ሳይሆን፣ ሲመለስ አብሮት የሚመጣው ያልተስተካከለ ኃይል ነው። መብራት ሲጠፋ ሶኬቱን ነቅሎ፣ ተመልሶ እስኪረጋጋ መቆየት ምንም ወጪ አይጠይቅም፤ የሚያድነው ግን ብዙ ነው። ማቀዝቀዣና ኮምፒዩተር ባንድ ዲቫይደር አይሰኩ። ከካርዱ ገንዘብ ላይ ጥቂት ቀንሶ ደኅና ስታብላይዘር የገዛ ሰው፣ አነስ ያለ ካርድ ቢይዝም ረጅም ዘመን ይጫወታል።

ካርዱን የመስካት ሥራ ራሱ ከባድ አይደለም። ኮምፒዩተሩ ይጥፋ፣ ገመዱ ይነቀል፣ የማብሪያው ቁልፍ ለጥቂት ሰኮንድ ተጭኖ ይለቀቅ፤ የእኛ አየር ደረቅ ስለሆነ በገላችን ላይ የተጠራቀመው ኤሌክትሪክ ዕቃውን እንዳይጎዳ የኬዙን ብረት አስቀድማችሁ ንኩ። አሮጌውን ካርድ የያዘውን ብሎን ፈታችሁ፣ በቀዳዳው ጫፍ ያለችውን ትንሽ መቆለፊያ ተጭናችሁ ቀጥ አድርጋችሁ አውጡት፤ አዲሱንም መቆለፊያዋ ቀጭ እስክትል በእኩል ግፊት አስገቡ። ከዚያ የስክሪኑን ገመድ በማዘርቦርዱ ላይ ሳይሆን በአዲሱ ካርድ ላይ ሰኩ፤ ይህን ባለማወቅ አዲስ ካርድ ተበላሽቷል ተብሎ ስንት ጊዜ ተመልሷል! ድራይቨሩም ብዙ መቶ ሜጋባይት ስለሆነ የኢንተርኔት ካርድ ከማቃጠል ይልቅ ወደ ከተማ የሚሄድ ወዳጅ በፍላሽ ቢያመጣው ይሻላል።

ወጣቶች ሆይ፣ ይህን ሁሉ ለብቻችሁ አትሸከሙት። ካርድ የሚፈልጉ ጓደኞች ቢተባበሩ፣ አንድ የታመነና የሚያውቅ ሰው የሁሉን ገዝቶ ሊመለስ፣ የመንገዱም ወጪ ሊከፋፈል ይችላል፤ ለአንዱ ያነሰው አሮጌ ካርድ ከነጭራሹ ለሌለው ታናሽ ወንድም ይበቃዋል። ወላጆችም፣ ልጃችሁ ገንዘብ ሲጠይቃችሁ ፈጥናችሁ እንቢም እሺም አትበሉት፤ አንድ ወረቀት ጽፎ እንዲያመጣ እዘዙት። በወረቀቱም ላይ አምስት ነገር ይኑርበት፤ የፓወር ሰፕላዩ ዋትና ገመዶቹ፣ የኬዙ ስፋትና የካርዱ ቀዳዳ፣ የፕሮሰሰሩ ስምና የራሙ መጠን፣ የስክሪኑ መሰኪያ ዓይነት፣ በመጨረሻም ኮምፒዩተሩ የሚቀመጥበት ክፍል ሙቀትና የመብራቱ ጠባይ። ይህን አጣርቶ የጻፈ ልጅ ገንዘቡን በሚገባ እንደሚጠቀምበት በእጁ ጽሑፍ አረጋግጧልና ያለ ሥጋት ስጡት፤ ያልጻፈው ግን ጽፎ እስኪመጣ ድረስ ገንዘቡ ከእናንተ ዘንድ ይቆይ።